በሳንባ ሕመም ጊዜ ደም ስለ መርጋቱና ስለ መድኃኒቱ ልክ

አንድ በሽታ በአንድ ስም በተጠራ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው በዚያ ስም የታወቀውን ጉዳት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ሰውን የሚገድለው በሚጠበቅበት በር ሳይሆን ዘበኛ ባልቆመበት በሌላው በር ገብቶ ነው። በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና ሕመም በዓለም ሁሉ በተስፋፋ ጊዜ የመንግሥታትም የሐኪሞችም ዐይን ያተኰረው በሳንባና በትንፋሽ ላይ ነበር። ኦክሲጅን ይገኝ ዘንድ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ይበዛ ዘንድ፣ አልጋም ይዘረጋ ዘንድ በየአገሩ ብርቱ ድካም ተደረገ፤ ይህም የተገባ ነበር። ዳሩ ግን ጥቂት ወራት ሳያልፉ ሐኪሞች ሌላ ነገር አስተዋሉ። በሐኪም ቤት ከተኙት ሕሙማን ያንዳንዶቹ ደም በሥሮቻቸው ውስጥ እየረጋ ተገኘ፤ ትንፋሹ እየተሻለው የነበረ ሰው በድንገት ደረቱን ወግቶት ይሞት ጀመር፤ ሌላውም በተኛበት ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቱም ተሳስሮ ተገኘ። ከዚህም በኋላ የተነሣው ጥያቄ ደሙ መርጋቱ እውነት ነውን የሚል አልነበረም፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ልኩ ምን ያህል ይሁን የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚያስገዛውን ሹም፣ ሐኪም ቤት የሚያስተዳድረውን ሰው፣ ሕመምተኛም በመጀመሪያ ምክር የሚጠይቀውን ካህን ሁሉ የሚነካ ነው። (ከዚህ በታች የውጭ አገሩ ነገር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የኢትዮጵያው ግን በዓመተ ምሕረት ተመልክቷል።)

ደም መርጋቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ጣቱን ቢላዋ የቈረጠው ሰው ደሙ ፈሶ እንዳያልቅ የሚጠብቀው ይኸው መርጋት ነው። በደም ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ የደም ሥር ግድግዳ በቈሰለ ጊዜ እነርሱ ፈጥነው ከቍስሉ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ፋይብሪን የተባለው እንደ ክር ያለ ነገር ይሠራና አንዱን ካንዱ ጋር ያስረዋል፤ ቍስሉም ይደፈናል። ቍስሉ ሲድን ደግሞ ሰውነት ራሱ ያንን ክር መልሶ ይበጣጥሰዋል፤ የተበጣጠሰውም ፍርፋሪ ዲ-ዳይመር ተብሎ በደም ምርመራ ይታወቃል። እንግዲህ ክፉ የሚሆነው ደሙ መድማት በሌለበት ስፍራ በሥሩ ውስጥ እንዳለ የረጋ እንደ ሆነ ነው። በእግር ሥር የረጋው ደም ከተያያዘበት ተነቅሎ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባ ትልልቅ ሥሮችም አንዱን የዘጋ እንደ ሆነ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወደ አንጎል በሚወስደው ሥር ሲሆን ሽባነትን፣ በልብ ሥር ሲሆን የልብን ሥጋ መሞት ያመጣል።

ደም ያለ ቦታው የሚረጋበትን ምክንያት የሕክምና ሊቃውንት በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ ይህም ትምህርት ከ1821 እስከ 1902 በኖረው በጀርመኑ ሐኪም በሩዶልፍ ቪርኾው ስም ይጠራል። ሦስቱም የደሙ አካሄድ መዘግየት፣ የሥሩ ግድግዳ መጐዳትና የደሙ የራሱ ጠባይ መለወጥ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ሰውን ለአደጋ ያበቃዋል። በብርቱ የሳንባ ሕመም ጊዜ ግን ሦስቱ ባንድነት ይመጣሉ። ሕመምተኛው ለብዙ ቀን ከአልጋ አይነሣም፤ ትኩሳቱም ውኃውን ከሰውነቱ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ደሙ በእግሮቹ ውስጥ ይዘገያል። ቫይረሱም የተነሣበት ቍጣ የሥሮቹን የውስጥ ግድግዳ ያቈስላል። ደግሞም ሰውነት ከበሽታው ጋር ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ነገሮች ደሙን ለመርጋት የተዘጋጀ ያደርጉታል። ተላላፊ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ በዙሪያው ያለውን ደም አርግቶ መንገዱን መዝጋት የሰውነት የቈየ መከላከያው ነው፤ በትንሽ ስፍራ ሲሆን ይጠቅማል፤ በመላው ሳንባ ሲሆን ግን ሌባ እንዳይገባ ብሎ የገዛ ቤተ ሰቡን መውጫ እንደሚዘጋ ባለቤት ይሆናል።

በኮሮና ሕመም የታየው ከዚህም የባሰ ነበር። በሌላ ሕመም ጊዜ በሳንባ የሚገኘው የረጋ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ተነሥቶ የመጣ ነው። በኮሮና ግን የረጋው ደም በዚያው በሳንባው ውስጥ፣ አየር ከደም ጋር በሚገናኝበት እንደ ጠጕር በቀጠኑት ሥሮች ውስጥ የተሠራ ሆኖ ብዙ ጊዜ ተገኘ። በ2020 የታተመ አንድ ምርመራ በኮሮና የሞቱትን የ7 ሰዎች ሳንባና በኢንፍሉዌንዛ የሞቱትን የ7 ሰዎች ሳንባ ጐን ለጐን አድርጎ ተመለከተ፤ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ የተገኘው የረጋ ደም በኮሮና ሙታን ከኢንፍሉዌንዛው 9 ጊዜ ያህል የበለጠ ነበር። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደ በለጠ የሚናገረውን አኃዝ እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ነገር ግን ኦክሲጅን እየተሰጠው የአንዳንዱ ሕመምተኛ ደም ኦክሲጅኑን ሳያገኝ የቀረበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል፤ አየሩ እስከ በሩ ቢደርስም የሚቀበለው ደም መንገዱ ተዘግቶበት ነበርና።

ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ ኢንፍሉዌንዛን ንጹሕ ማድረግ ስሕተት ነው። በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ አገር የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው በመጀመሪያዎቹ 7 ቀኖች ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያገኘው በሌላው ጊዜ ከሚያገኘው 6 እጥፍ በሚያህል ነው። እንግዲህ ሕዝብ «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» የሚለው ሕመም በሽማግሌዎችና ልባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ሲወርድ የሚያደርሰው ጉዳት በሳንባ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሽማግሌው በልብ ሕመም ሞተ ተብሎ ሲቀበር ከሳምንት በፊት ይዞት የነበረውን ጉንፋን የሚያነሣ ሰው አይገኝም።

ወደ ኮሮናው ስንመለስ የመጀመሪያው ብርቱ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከቻይና ከዉሃን ከተማ ነበር። በዚያ የ183 ሕሙማን የደም ምርመራ ታይቶ በ2020 መጀመሪያ ታተመ፤ ከሞቱት ውስጥ ከመቶው 71.4 የሚሆኑት የደም መርጋት ሥርዐታቸው በመላው አካላቸው የተበላሸ ሆኖ ሲገኝ፣ ከዳኑት ግን እንዲህ የሆነባቸው ከመቶው 0.6 ብቻ ነበሩ። ጥቂት ቈይቶም ከሆላንድ ሌላ ወሬ መጣ። በሦስት ሐኪም ቤቶች በብርቱ ሕሙማን ክፍል ከተኙት 184 ሰዎች ከመቶው 31 የሚሆኑት የደም መርጋት ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ተነገረ፤ አብዛኛውም በሳንባ ሥር የሆነ ነበር። ሐኪሞችን ይልቁን ያስደነገጠው ግን ሕሙማኑ ሁሉ ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን መድኃኒት በተለመደው ትንሽ ልክ እየወሰዱ ሳለ ይህ መሆኑ ነው።

ያ መድኃኒት ሄፓሪን ይባላል። በ1916 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለው ተማሪ በመምህሩ በዊልያም ሃውል ቤተ ሙከራ ሲመረምር የተገኘ ነው፤ ስሙም ጕበት ከሚለው የጽርዕ ቃል ወጥቷል። ዛሬ ግን የሚሠራው አብዛኛውን ከእሪያ አንጀት ነው። ይህን ነገር ሕመምተኛው ወይም ንስሐ አባቱ የጠየቀ እንደ ሆነ ሐኪሙ ሳይሸሽግ እውነቱን መመለስ ይገባዋል፤ ከእንስሳ ያልተወሰደ፣ በብልሃት የተሠራ ተመሳሳይ መድኃኒትም አለና ዝም ከማለት ይልቅ መነጋገሩ ይሻላል። ሄፓሪን በሁለት ልክ ይሰጣል። አንደኛው ገና ያልረጋውን ደም ለመጠበቅ በትንሹ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ደም ለረጋበት ሰው በሙሉ ልክ የሚሰጠው ነው። በሁለቱም ዘንድ አደጋው አንድ ነው፤ እንዳይረጋ የተከለከለ ደም ሲፈስም ለመቆም ይዘገያል። ስለዚህ በጨጓራ ወይም በአንጎል ውስጥ መድማትን ሊያመጣ ይችላል፤ ልኩም በበዛ መጠን አደጋው ይበዛል።

ከሆላንድና ከሌላውም አገር የመጣው ወሬ በተሰማ ጊዜ የብዙ ሐኪሞች አሳብ ወዲያው ወደ አንድ ነገር አዘነበለ፤ ትንሹ ልክ ካልበቃ ሙሉው ይሰጥ የሚል ነው። በየአገሩም ሐኪም ቤቶች ገና ፈተና ሳይደረግ ልኩን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ አደረጉት። በፊታቸው ሰው እየሞተ የቆሙትን ሰዎች በዚህ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ፍርሃት፣ ምንም ያህል ምክንያት ቢኖረው፣ የመድኃኒትን ልክ ሊያስታውቅ አይችልም። ደም መርጋቱን ማየት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት ማብዛቱ ሰውን ከሞት ማዳኑን ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ብዙውን፣ ለሌላው ትንሹን ልክ ሰጥቶ ፍጻሜያቸውን መቍጠር ነው። በዕጣ የሚሆንበትም ምክንያት፣ ምርጫው ለሐኪሙ የተተወ እንደ ሆነ ብዙውን ልክ ለሚያዝንለት ወይም ለሚበረታው ሰው ስለሚሰጥና ቍጥሩም ስለሚዋሽ ነው።

ይህም ፈተና ተደረገ። በብዙ አገሮች ያሉ ሦስት የምርምር ማኅበራት ሥራቸውን አንድ አድርገው ውጤቱን በነሐሴ ወር 2021 አሳተሙ። ሕሙማኑን በሁለት ለይተው ነበር፤ በሐኪም ቤት ቢተኙም ገና የብርቱ ሕሙማን ክፍል እርዳታ ያላስፈለጋቸው 2219 ሰዎች ባንድ ወገን፣ በመሣሪያና በብርቱ እርዳታ የሚኖሩ 1098 ሰዎች በሌላ ወገን። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ሙሉው ልክ ጥቅም ታየበት፤ ያለ መሣሪያ እርዳታ በሕይወት ከሐኪም ቤት የወጡት በሙሉው ልክ ከመቶው 80.2፣ በተለመደው ልክ 76.4 ነበሩ። ብርቱ መድማት የደረሰባቸው ግን ከመቶው 1.9 ከ0.9 ጋር ነበሩ። ይኸውም በቀላል ቋንቋ ከመቶ ሰው አራቱ ያህል ሲጠቀሙ አንዱ ያህል በዚሁ መድኃኒት ይደማል ማለት ነው። በብርቱ ሕሙማን ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሕይወት ከሐኪም ቤት የወጡት በሙሉው ልክ ከመቶው 62.7፣ በተለመደው ልክ 64.5 ሆኑ፤ መድማቱም 3.8 ከ2.3 ሆነ። ስለዚህ በነርሱ ዘንድ ልኩን ማብዛት ጥቅም አልተገኘበትም፤ የመድማቱ ቍጥር ግን ከፍ አለ።

ይህ ውጤት የብዙ ሰው ግምት ተቃራኒ ነበረ። አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሕመሙ የባሰበት ብዙ መድኃኒት ይሻል ብሎ ነውና። ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ የሚሰጡት ግምት፣ ሰውየው ወደ መሣሪያ ከደረሰ በኋላ በቀጫጭኖቹ ሥሮች የረጋው ደምና የሳንባው ቍስል ከሄፓሪን ኃይል በላይ ይሆናል፤ የሥሩም ግድግዳ ስለ ቈሰለ ለመድማት ይቀርባል የሚል ነው። ቀደም ብሎም በመጋቢት ወር 2021 ከኢራን የመጣው ውጤት ይህንኑ የሚደግፍ ነበር፤ በዚያ በብርቱ ሕሙማን ክፍል ለተኙ 562 ሰዎች መካከለኛው ልክ ከትንሹ ጋር ተመዝኖ ምንም ብልጫ አልተገኘበትም።

አስፒሪንም እንደዚሁ ተፈተነ። በእንግሊዝ አገር ሪከቨሪ የተባለው ታላቅ ፈተና በ14,892 ሕሙማን ላይ አድርጎ በ2021 ባወጣው ውጤት፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት አስፒሪን ከወሰዱትም ካልወሰዱትም ከመቶው 17 ነበሩ። የደም መርጋቱ ከ5.3 ወደ 4.6 ጥቂት ቢቀንስም ብርቱ መድማቱ ከ1.0 ወደ 1.6 ጨመረ፤ አንዱ ያተረፈውን ሌላው በላው። ይኸው ፈተና አስቀድሞ በ2020 ዴክሳሜታሶን የተባለው ቍጣን የሚያበርድ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት የሚሞቱትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ቍጣው ከሆነ ቍጣውን ማብረድ አንድ መንገድ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥር ወር 2021 ባወጣው መመሪያ በኮሮና ምክንያት በሐኪም ቤት ለተኙ ሰዎች ትንሹ፣ ማለት የመጠበቂያው ልክ እንዲሰጥ መከረ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ባለጠጎች አገሮች ለተመረጡና የመድማት አደጋ ለሌለባቸው ሕሙማን ሙሉውን ልክ ፈቀዱ። ይህ ልዩነት ሲታይ ላንዱ አገር የሚሻለው ለሌላውም ይሻላል ማለት እንዳይመስል ያስፈልጋል። ሙሉ ልክ የሚሰጥ ሐኪም ሕመምተኛው የደማ እንደ ሆነ የሚሰጠው ደም በቅርብ ሊኖረው፣ አንጎልንም የሚያሳይ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ የኩላሊቱንም ሥራ ሊያውቅ ይገባል። እነዚህ በሌሉበት የገጠር ሐኪም ቤት ከመቶ አራቱን አተርፋለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው የሚደማውን አንዱን በምን ሊረዳው ነው? ትንሹ ልክ ግን ያለ ብዙ ምርመራ ሊሰጥ የሚችል ነው፤ ሳይቋረጥ በየቀኑ የተሰጠ እንደ ሆነም ብዙውን ሰው ይጠብቃል። በዚህ ነገር መጥፎው ድህነት የትልቁ ልክ ማጣት አይደለም፤ ትንሹ ልክ ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ከመጋዘን አልቋል መባሉ ነው።

በዚህ መካከል በ2013 ዓመተ ምሕረት ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ተነሣ። የካቲት 28 ቀን አስትራዜኔካ የተባለው ክትባት 2.2 ሚሊዮን ያህል ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ መጋቢት 4 ቀንም መከተብ ተጀመረ። ልክ በዚያው ሳምንት ዴንማርክና ሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ይህንኑ ክትባት ደም ያረጋል በሚል ጥርጥር ለጊዜው አቆሙት። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን መርምሮ በሚያዝያ ወር 2021 መጀመሪያ እንዳስታወቀው፣ ከክትባቱ በኋላ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች፣ ከ100,000 ውስጥ አንድ በሚያህል፣ ፕላትሌት እያነሰ ደም የሚረጋበት ልዩ ሕመም ተገኝቷል፤ የክትባቱ ጥቅም ግን ከጉዳቱ ይበልጣል። ይህ ሕመም በኮሮና ጊዜ ከሚሆነው የደም መርጋት የተለየ ነው። ሰውነት በገዛ ፕላትሌቱ በሚወጣ ነገር ላይ ጠላት አስነሥቶ የሚያመጣው ነውና፣ በዚያ ጊዜ የወጣው መመሪያም ሄፓሪኑ ተትቶ በሌላ መድኃኒት እንዲታከም የሚያዝ ነበር። ሕዝቡ ግን ሁለቱን ባንድ ቃል «ደም መርጋት» ብሎ ሲሰማ ክትባቱ ያረጋል፣ በሽታውም ያረጋል፣ እንግዲህ በምን ይለያሉ አለ። ሊነገረው የተገባው በቍጥር ነበር። በስዊድን ኮሮና ይዟቸው የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተመዝነው በ2022 እንደ ታወቀው፣ በሽታው በያዘ በመጀመሪያው 30 ቀን ውስጥ በሳንባ ሥር ደም የመርጋቱ አደጋ 33 እጥፍ፣ በእግር ሥር የመርጋቱ 5 እጥፍ ነበር። የክትባቱን አደጋ ሸሽጎ ሕዝብን ማሳመን አይቻልም፤ ከበሽታው አደጋ ጋር በሚዛን አስቀምጦ መናገር ግን ይቻላል።

ከዚሁ ከስዊድን ጥናት ለአስተዳደር የሚጠቅም ሌላ ነገር ይገኛል። በእግር ሥር የመርጋቱ አደጋ እስከ 3 ወር፣ በሳንባ ሥር የመርጋቱ እስከ 6 ወር ከተለመደው በላይ ሆኖ ቈይቷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት በወጣ ቀን ከአደጋ የወጣ መስሎ ቢታይም ገና አልወጣም። በብዙ ስፍራ ግን ሕመምተኛው ሲሰናበት የሚሰጠው የሳል መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ነው፤ እግርህ ቢያብጥ ተመለስ የሚለው የለም።

ኢትዮጵያ የሳንባ ወረርሽኝ አዲስ ነገር የሆነባት አገር አይደለችም። በ1911 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሰው የበሽታውን ምክንያት ቫይረስ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ያለውን አደረገ፤ ስፍራውን አጸዳ። በ2012 ዓመተ ምሕረት መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በታወቀ ጊዜና በኋላም የኤካ ኮተቤ ሐኪም ቤትና የሚሊኒየም አዳራሽ ለዚሁ ሕክምና በተዘጋጁ ጊዜ ግን የበሽታው ዘር መልክ ሳይቀር የታወቀ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት ወር 2023 ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢያነሣም በሽታው አልጠፋም፤ ኢንፍሉዌንዛውም በየዓመቱ ይመላለሳል። በኮሮና የተገኘው የመድኃኒት ልክ እንዳለ ለኢንፍሉዌንዛ ሕግ አይሆንም፤ አደጋውን የሚያበዙት ነገሮች ግን፣ መተኛት፣ የውኃ ማነስ፣ ሽምግልና፣ ውፍረት፣ ካንሰር፣ አስቀድሞ ደም የረጋበት መሆን፣ በሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው።

ስለዚህ በሐኪም ቤት አስተዳደር ላይ ያሉት ሹማምንት የሚጠየቁት ታላቅ መሣሪያ ስለ ማስመጣት ብቻ አይደለም። ሄፓሪን በመጋዘኑ ስንት ቀን ይበቃል? ሕመምተኛው ሲገባ በሚዛን ይመዘናልን፣ ወይስ ልኩ በዐይን ይገመታል? የሚችለውን ሕመምተኛ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከአልጋው አንሥቶ የሚያራምደው አስታማሚ ማን ነው? ውኃስ በአጠገቡ አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ከቪርኾው ሦስት ምክንያቶች አንዱን፣ ማለት የደሙን መዘግየት፣ ያለ ብዙ ወጪ የሚከለክሉት እነርሱ ናቸው። የዲ-ዳይመር ምርመራም ባለበት ሁሉ በማስተዋል ሊሠራበት ይገባል። ቍጥሩ በማናቸውም ብርቱ ሕመም ከፍ ይላልና፣ ከፍ ማለቱ ብቻ ታይቶ ሙሉ ልክ ሊታዘዝ አይገባም።

ካህናትም በዚህ ነገር ያላቸው ስፍራ ትንሽ አይደለም። ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በቤቱ ሲተኛ የሚጠይቀው ንስሐ አባቱ ነው፤ በጠበል ስፍራም ለብዙ ቀን የሚሰነብት አለ። ከሳንባ ሕመም በኋላ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ፣ ባቱን ያመመው፣ በድንገት ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የወጋው፣ ደም የተፋ ወይም አፉ የተጣመመ ሰው ያገኘ ካህን ያን ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢያዝዘው የሚሰማው ይበዛል። ያበጠን እግር ማሸት ደግሞ አይገባም፤ የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላልና። አስፒሪን ከገበያ ገዝቶ በራስ ፈቃድ መዋጥም እንዲሁ ነው። በአሥራ አራት ሺህ ሰው ተፈትኖ ከሞት ያላዳነውን መድኃኒት ጨጓራው በታመመ ሽማግሌ ላይ መሞከር መድማትን መጋበዝ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ለልቡ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን እንዳያቆም ሊነገረው ያስፈልጋል።

ከሐኪም ቤት ለሚወጡት ሕሙማን መድኃኒቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ግን ገና በእያንዳንዱ ሰው የሚታይ ነገር ነው። በብራዚል አገር አደጋቸው ከፍ ያለ 320 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ከወጡ በኋላ ለ35 ቀን ሪቫሮክሳባን የተባለው በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት በቀን 10 ሚሊግራም ለግማሾቹ ተሰጠ፤ የደም መርጋት ጉዳት ወይም ከዚሁ የተነሣ ሞት የደረሰባቸው ከወሰዱት ከመቶው 3፣ ካልወሰዱት 9 ያህል ሆነው ተገኙ። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ የተመረጡትም አስቀድሞ አደጋ የነበረባቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለሚወጣው ሁሉ ይታደል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ሲያሰናብት የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ የተኛበትን ቀን ብዛት፣ ቀድሞ ደም የረጋበት ወይም የደማ መሆኑን ጠይቆ በወረቀቱ ላይ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚያቆምበትን ቀንና የሚመለስበትን ምልክት በአማርኛ ወይም ሕመምተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ጽፎ ይሰጠው ማለት ነው።